በሜዳ ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአንድ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል በተመለስኩ ማግስት ጆሮዬ ጭው ይል ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አልለቀቀኝም። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «እንግዲያው ድግሱ የደመቀ ነበር ማለት ነው» አሉኝ፤ እኔም አምኜ ተቀበልኩ። ያ ጭውታ የጉዳት ምልክት መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሜዳው ተጎድተው ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግድየለሾች አልነበሩም። ሁሉም ሰው የሚለውን ሰምተው፣ ያንኑ አምነው የመጡ ናቸው። አደጋው ደግሞ ዱብ ዕዳ ሆኖ የሚወርድባቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ጆሮም፣ ሰማዩም፣ በዙሪያቸው ያለው ሕዝብም ቀደም ብሎ ምልክት ሲሰጣቸው ቆይቷል።

«ጆሮ ጭው ማለቱ ምንም አይደል፤ ሲነጋ ይለቃል»

ጭውታው ሊለቅ ይችላል። ጉዳቱ ግን አብሮት ላይሄድ ይችላል። በውስጠኛው የጆሯችን ክፍል ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ጥቃቅን ፀጉር ለበስ ሕዋሳት አሉ፤ ቁጥራቸው በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 ይጠጋል። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ያደክማቸዋል፤ ሲደጋገም ይገድላቸዋል። የሰው ጆሮ የሞተውን ሕዋስ መልሶ አይተካም።

የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተመራማሪዎች ባወጡት መመዘኛ መሠረት 85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሆነን ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት መስማት ይቻላል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። በትልቅ መድረክ ፊት 100 ዴሲቤል የተለመደ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ድምፃዊ አራተኛ ዘፈኑን ሳይጨርስ ጆሯችን የቀኑን ድርሻ ወስዷል ማለት ነው፤ ገና ስድስትና ሰባት ሰዓት ይቀረናል።

ይህን ስናገር የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የጆሮ መሰኪያ ሙዚቃውን ያበላሸዋል»። ርካሹ የስፖንጅ መሰኪያ ቀጫጭን ድምፆችን ይበልጥ ስለሚያፍን ሙዚቃውን ማደብዘዙ እውነት ነው። ለሙዚቀኞች ተብሎ የሚሠራው ማጣሪያ ያለው መሰኪያ ግን ሁሉንም ድምፅ በተመጣጠነ ሁኔታ ዝቅ ያደርገዋል። እኔ እሱን ካደረግኩ ወዲህ የግጥሙን ቃላት ከበፊቱ የበለጠ አጥርቼ እሰማለሁ። ስፖንጁም ቢሆን ከባዶ ጆሮ እጅግ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት 51 ሰዎች አምስተርዳም ውስጥ በተካሄደ የሜዳ ፌስቲቫል ላይ ለአራት ሰዓት ተኩል ቆይተው ነበር። በዕጣ ተመርጠው መሰኪያ ካደረጉት ሰዎች ጆሮዎች መካከል 8 በመቶው ብቻ ጊዜያዊ የመስማት መቀነስ ሲታይባቸው፣ ካላደረጉት ግን 42 በመቶው ላይ ታይቷል።

ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ በጆሮ ውስጥ የሚገባ መሰኪያ አይሆንም፤ ጆሮውን ከውጭ የሚሸፍን መከላከያ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ አዘጋጆች ድምፁን በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያሳልፉ፣ መሰኪያም እንዲያቀርቡና ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲያዘጋጁ ይመክራል። ስለዚህ መሰኪያ ረስታችሁ ብትመጡ መረጃ መስጫው ጋ ሄዳችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ።

«ምርጡ ቦታ መድረኩ ሥር ነው»

ለማየት ሊሆን ይችላል፤ ለመስማት ግን አይደለም። ድምፁን የሚያስተካክለው ባለሙያ ሚክሰሩን፣ ማለትም የድምፅ ማደባለቂያ መሣሪያውን፣ ይዞ የሚቀመጠው መድረኩን ፊት ለፊት እያየ ሜዳው መካከል ነው፤ የሚያስተካክለውም እሱ ቆሞ የሚሰማውን ድምፅ ነው። መድረኩ ሥር መሬት ላይ የተደረደሩት የባስ ድምፅ ማጉያዎች ደረት ይመታሉ፤ የድምፃዊውን ድምፅ የሚያወጡት ከላይ የተሰቀሉት ማጉያዎች ደግሞ በአብዛኛው ወደ ሜዳው ርቀው ያነጣጠሩ ናቸው። ከሚክሰሩ ድንኳን አጠገብ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ቁሙ። የምትወዱት ዘፈን ሌላ ዘፈን ይመስላችኋል።

«ሰው የሚሞተው ሲደናገጥና ሲረጋገጥ ነው»

ይህኛው የሚያናድደኝም የሚያሳዝነኝም ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዜናው ሁሌም «ተረጋግጠው ሞቱ» ይላል። ቃሉን ስንሰማ የሚታየን የሚሮጥ፣ የሚገፋተር፣ ለራሱ ብቻ የሚያስብ ሕዝብ ነው። ለመሮጥ እኮ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። በታመቀ ሕዝብ ውስጥ የሚሮጥ ሰው የለም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2021 በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ በተካሄደው አስትሮወርልድ ፌስቲቫል በደረሰው አደጋ 10 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው ትንሹ 9 ዓመቱ ነበር። የሕክምና መርማሪዎች የደረሱበት የሞት ምክንያት በመጨመቅ መታፈን ነው። ለመተንፈስ ደረት መስፋት አለበት፤ ከፊትም ከኋላም የሰው ክብደት ሲጫነው መስፋት ያቅተዋል። በእንዲህ ዓይነት ሕዝብ መካከል ሰው ቆሞ እንዳለ ሊሞት ይችላል፤ የሚወድቅበት ቦታ እንኳ የለውም። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2000 በዴንማርክ የሮስኪልድ ፌስቲቫል 9 ወጣቶች የሞቱትም በመድረኩ ፊት በነበረው ግፊት ነው። ፌስቲቫሉ ከዚያ በኋላ የመድረኩን ፊት በአጥር ከፋፍሎ የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰን ጀመረ። ይህም ችግሩ ያለው በቦታውና በቁጥሩ ላይ መሆኑን ያሳያል።

ከኋላ የሚገፋው ሰው ፊት ያለው ሰው መተንፈስ እንዳቃተው አያይም። ጥፋቱን በተደናገጠው ሕዝብ ላይ ስናሳብብ ሟቾቹን እንበድላለን። እኛም ድንጋጤ እስኪነሳ ስንጠብቅ ቀስ እያለ የሚበረታውን መጨናነቅ ሳናስተውል እንቀራለን።

ምልክቱ ይህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሲቆም እንደልብ መዞርና መራመድ ይቻላል። በሁለቱም ጎን የሌላ ሰው ትከሻ ሳትፈልጉ ሲነካችሁና እጃችሁን አንሥታችሁ ፊታችሁን መንካት ሲቸግራችሁ ቁጥሩ ወደ አምስት ደርሷል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ የምትወዱት ዘፈን ቢጀመርም ውጡ። ከዚያ ካለፈ ሕዝቡ እንደ ውሃ ይሆናል። ማዕበል ወዲያና ወዲህ ይወስዳችኋል፤ እግራችሁ የሚሄደውም እናንተ በምትፈልጉት በኩል አይሆንም።

ማዕበሉ ውስጥ ከገባችሁ ሁለቱን ክንዶቻችሁን እንደ ቦክሰኛ ከደረታችሁ ፊት አድርጉና ለመተንፈሻ የሚሆን ክፍተት ጠብቁ። አንዱን እግር ከሌላው ቀደም አድርጋችሁ ቁሙ። ግፊቱን ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጋብ ሲል በሰያፍ ወደ ጎን ጥቂት እርምጃ ሂዱ፣ እንደገና ሲመጣ ቁሙ፣ ሲያልፍ ቀጥሉ። ከአጥርና ከግድግዳ ራቁ። ስልክ ቢወድቅባችሁ ተዉት፤ ጎንበስ ያለ ሰው መነሣት ሊያቅተው ይችላል። ብትወድቁ በጎን ተጠቅልላችሁ ጭንቅላታችሁንና ደረታችሁን ከልሉ። አጠገባችሁ የወደቀ ካለ ከሌሎች ጋር ሆናችሁ ወዲያው አንሡት፤ ጥበቃዎቹ እስኪሰሙም ከሰው ወደ ሰው መልእክት አስተላልፉ።

«ሙቀት ከሆነ ውሃ መጋት ብቻ ነው»

ውሃ ያስፈልጋል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ራሱ ያሳምማል። ብዙ ላብ የወጣው ሰው ባዶ ውሃ ያለ ልክ ከጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ይከተላል። እነዚህ ምልክቶች ደግሞ የውሃ ጥም ስለሚመስሉ ሰውየው ጨምሮ ይጠጣል። በጠማችሁ ልክ፣ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ጠጡ፤ ጨው ያለበት ምግብም ብሉ። ሽንታችሁ ቢጫነቱ ፈዘዝ ያለ ከሆነ ደህና ናችሁ። አልኮል ሽንት ስለሚያበዛ የውሃ ምትክ አይሆንም።

የቆማችሁበትን መሬትም እዩ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 በኒው ዮርክ ግዛት የተካሄደው ውድስቶክ ፌስቲቫል የተዘጋጀው ቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ በነበረ ቦታ ነበር። ዛፍ በሌለበት አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ፤ ብዙ ታዳሚዎች በሙቀት ተዝለፍልፈው ታከሙ። በሙቀት የተመታ ሰው ላብ አይኖረውም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ሰውነቱ በላብ ርሶ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ምልክት የአእምሮ መዛባት ነው፦ ያለበትን ማወቅ ካቃተው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ጥላ ሥር አስገቡት፣ ልብሱን አቅልሉለት፣ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡለት፣ ሐኪም ጥሩ። የሕክምና ቡድኑ እስኪደርስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ።

«ደመና ስለሆነ ፀሐይ አያቃጥልም»

ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ስስ ደመናን ሊያልፍ ይችላል። የመከላከያ ቅባቱን በየሁለት ሰዓቱ ደግማችሁ ተቀቡ፤ ባርኔጣ አትርሱ።

«ዝናቡ ሳይጀምር መብረቅ ምን ያደርጋል?»

መብረቅ ዝናቡ ከሚወርድበት ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊመታ ይችላል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ። ዛፍ ሥር፣ ድንኳን ውስጥና ከብረት ምሰሶ አጠገብ መጠለል አያድንም። የሚያድነው ጠንካራ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው ዝግ መኪና ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። አዘጋጆቹ ዝግጅቱን ሲያቋርጡ የሚያጉረመርሙ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያን ውሳኔ የሚወስን አዘጋጅ በሚቀጥለው ዓመትም ትኬቴን እንዲሸጥልኝ እፈልጋለሁ። ነፋስ ሲበረታም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ከዝናቡ የቀደመ ኃይለኛ ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ በታዳሚው ላይ ጥሎ 7 ሰዎች ሞተዋል።

«ድንኳን ውስጥ ትንሽ ከሰል ብርዱን ያባርራል»

በፍጹም አታድርጉት። ከከሰልና ከጋዝ ምድጃ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። የጠፋ የሚመስል ፍምም ያው ነው፤ የድንኳኑን በር ከፈት ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ብርዱን በልብስ ተከላከሉት።

«ከተጠፋፋን እንደዋወላለን»

አስር ሺዎች በአንድ ጊዜ አንድን የስልክ ማማ ሲሻሙ ጥሪው አያልፍም፤ ቢያልፍም በዚያ ጩኸት መሃል አይሰማም። አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚወስደው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ጥሪ እምቢ ባለበት ሊያልፍ ይችላል፤ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል ግን «እዚህ ነኝ» ብቻ አትበሉ፣ ሰዓቱንም ጻፉበት። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ በማትጠቀሙበት ጊዜ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ከሁሉ በላይ ገና ስትገቡ የመገናኛ ቦታና ሰዓት ተቀጣጠሩ። «መድረኩ ጋ» ቀጠሮ አይደለም። ሰው የማይከማችበት፣ ሲመሽም የሚታይ አንድ ነገር ምረጡ። የልጃችሁ እጅ ላይ ደግሞ የእናንተን ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጻፉለት።

«ሰክሮ ነው፤ ይተኛበት»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስሰማ እደነግጣለሁ። በጣም የሰከረ ሰው በጀርባው ተኝቶ ሲያስታውክ በራሱ ትውከት ሊታፈን ይችላል። የጠጣው አልኮል ሁሉ ገና ወደ ደሙ ስላልገባ ከተኛም በኋላ ሁኔታው ሊባባስ ይችላል። ስትጠሩትና ስትነቀንቁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እንቅልፍ አይደለም፤ ሕክምና ይፈልጋል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱን ቀና አድርጉለት፣ ብቻውን አትተዉት።

ወደ ሕክምና ድንኳኑ መሄድን የሚፈሩ አሉ፤ «ይቆጡናል፣ ያስወጡናል» ይላሉ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ታማሚው ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ የሚጠይቁት ለማከም ስለሚያስፈልጋቸው ነው። እውነቱን ንገሯቸው።

«ሲያልቅ ቀድሞ መውጣት ነው»

የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ሁሉም የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በተለያየ ሰዓት የገባው ሕዝብ በአንድ ጊዜ በሮቹ ላይ ይከማቻል። ቀድማችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ሁለት ዘፈን ሲቀር ተነሡ። አለበለዚያ እንደ እኔ ግማሽ ሰዓት ያህል ሣሩ ላይ ቁጭ በሉ። ውሃችሁን ጠጡ፤ ሠራተኞቹ ገመዱን ሲጠቀልሉ እያያችሁ እግራችሁን አሳርፉ። ከዚያ ቀን በብርሃን አይታችሁ ወዳስቀመጣችሁት፣ ብዙ ሰው ወደማያውቀው የጎን በር ሂዱ።