ትሮፊ ምንድን ነው? ጨዋታን ያጣፍጣል ወይስ ያበላሻል?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ከርሞ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ብርዱ ሲበረታ አንድ ጋቢ ለሁለት እንደርብና፣ እኔ ጆይስቲኩን ይዤ እሱ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሎ እናመሻለን። አንድ ምሽት ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች፣ አረንጓዴ የምታበራ ቁራ በመጥረቢያ ስጥል አየኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቁራ ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም። 51 ናቸው፤ ሁሉንም የገደለ ትሮፊ ያገኛል።»

«ከዚያስ?»

መልስ አጣሁ። ልጁ ወዲያው ረስቶት ተኛ፤ ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ሰነበተ። ትሮፊ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ጨዋታችንን ምን እንደሚያደርገው በደንብ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

ትሮፊ ፕሌይስቴሽን ላይ ስንጫወት አንድን የተወሰነ ነገር ስንፈጽም ማሽኑ በስማችን የሚመዘግብልን ምልክት ነው። አንድ ምዕራፍ ስንጨርስ፣ ከባድ ጠላት ስንጥል፣ የተደበቀ ነገር ስናገኝ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ትላለች፣ አጭር ድምፅ ይሰማል፣ በቃ። ለምንጫወተው ገጸ ባሕርይ ጉልበት አይጨምርም፣ መሣሪያም አይገዛም። ደረጃው አራት ነው፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም። ነሐስ 15 ነጥብ፣ ብር 30፣ ወርቅ 90፣ ፕላቲነም 300 ይይዛል፤ ነጥቡ እየተደመረ የተጫዋቹን ሌቭል ከፍ ያደርጋል። ፕላቲነም ለብቻው የሚሠራለት ሥራ የለም። የዋናውን ጌም ሌሎች ትሮፊዎች በሙሉ ለሰበሰበ ሰው በራሱ ይመጣል። ለዚህ ነው ሰው «ፕላቲነም አደረግኩት» ሲል ጌሙን ጥርግ አድርጌ ጨረስኩት ማለቱ የሚሆነው። ኤክስቦክስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ማሽንና ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ ተመሳሳዩ ነገር «አቺቭመንት» ይባላል። ኒንቴንዶ ስዊች የሚባለው የጌም ማሽን ለሁሉም ጌም የሚሠራ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሳይኖረው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ይጫወትበታል፤ ያለ ትሮፊም ጨዋታ ጨዋታ መሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አክቲቪዥን የተባለው ድርጅት አታሪ 2600 ለሚባለው የጌም ማሽን በሚሠራቸው ጌሞች የተወሰነ ነጥብ ላስመዘገበ ሰው ልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ምልክት ይልክ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ፒትፎል 20,000 ነጥብ የደረሰ ተጫዋች የቴሌቪዥኑን ፎቶ አንሥቶ በፖስታ ይልካል፣ ምልክቱ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያስያዘው በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስቦክስ 360 ነው፤ ስቲም በ2007፣ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ደግሞ በ2008 ለፕሌይስቴሽን 3 ተከተሉ። በአታሪ ዘመን ተጫዋቾች አንድ ቁጥር ላይ ለመድረስ ይታገሉ ነበር። ዛሬ ጌሙ ገና ሳይጀመር ሠላሳና አርባ ሥራ የተጻፈበት ዝርዝር ተከፍቶ ይጠብቀናል። የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

እኔ ጌም የለመድኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ነፋሱን የሚከለክል ወፍራም መጋረጃ። የምንጫወተው ኳስ ነበር። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ከኋላ የቆሙት ከተጫዋቾቹ ይበልጥ ይጮኻሉ፦ «አቀብል!»፣ «ምታው እንጂ!»፣ «ቀማህ፣ ቀማህ!»። ማሽኑ በየመሀሉ ትሮፊ እያለ ድምፅ ሲያሰማ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ቢያየውም የእሱ አይደለም፤ ትሮፊ የሚመዘገበው ማሽኑ ላይ በተከፈተው አካውንት ስም ነው፣ አካውንቱ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ነው። ከዓመታት በኋላ ያንን ዝርዝር ከፍቼ አየሁት። ያቺን ከወገብ በላይ ዘልሎ በግንባር የተገጨች ጎል ማን አገባት? ያንን ሦስት ለባዶ የነበረ ጨዋታ ማን ገለበጠው? አንዳንዶቹ ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል፣ አንዳንዶቹ የት እንዳሉ አላውቅም። የስንቱ ሰፈር ልጅ እጅ የሰበሰበው ሁሉ እምብዛም በማይጫወት በአንድ ሰው ስም ተቀምጧል። እኛ የምንታገልለት ሌላ ነበር፤ ከወንበሩ አለመነሣት፣ ነገ ትምህርት ቤት ስንገናኝ «ትናንት ማን ከፈለ?» ተብሎ አለመጠየቅ።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ገና ሲደርስ ሜዳ ላይ ሰፈር ለሁለት ተከፍሎ ሩር ሲያሳድድ ለአሸናፊው የተዘጋጀ ወርቅ የለም። ያሸነፈው ወገን የሚያገኘው የተሸነፈውን በግጥም የመሸንቆጥ መብት ነው፤ ጌታውም ቢሆን ይሰማታል፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏልና። ሽልማቱ ከጨዋታው ተነጥሎ አይቆምም፣ የጨዋታው ማብቂያ ራሱ ነው።

ሽልማት የሰውን ፍላጎት ሊያቀዘቅዝ መቻሉን የሥነ ልቦና ሰዎች ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠኑት ኖረዋል። በጣም የታወቀው ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አፀደ ሕፃናት ውስጥ በእስክሪብቶ ቀለም መሳል የሚወዱ ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ምንም ሳይነገረው ስሎ ሲጨርስ ወረቀቱ ተሰጠው። ሦስተኛው ተስፋም ሽልማትም አልነበረውም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ እስክሪብቶዎቹ እንደ ዋዛ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በመሳል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እኔን የሚገርመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ከወረቀቱ ሳይሆን አስቀድሞ ከመታወቁ ነው።

ይህን ይዞ «እንግዲያው ትሮፊ ይጥፋ» ለማለት ግን አልቸኩልም። ኤድዋርድ ዴሲ፣ ሪቻርድ ኮስትነርና ሪቻርድ ራያን በ1999 እ.ኤ.አ. 128 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ሌላም ነገር አይተዋል። ቃል የተገባበት ቁሳዊ ሽልማት የውስጥ ፍላጎትን ይሸረሽራል፤ «ጥሩ ሠራህ» የሚል ቃል ግን፣ በተለይ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ፣ ፍላጎቱን ይጨምራል። ዴሲና ራያን ነገሩን የሚያስረዱት በሁለት መንገድ ነው። ስለ ሠራነው ሥራ የሚነግረን ሽልማት አለ፣ ሊያዘን የሚመጣ ሽልማትም አለ። በእኛ ቋንቋ ልዩነቱ በአንድ ግስ ውስጥ ይታያል፦ አንዱ «አደረግከው!» ይላል፣ ሌላው «አድርገው!» ይላል። ትሮፊ የሚበላ የሚሸጥ ነገር አይደለምና ለቃሉ ይቀርባል። የትኛውን ቃል እንደሚናገር የሚወስነው ግን ዝርዝሩን የምንከፍትበት ሰዓት ነው።

ከላይ ያነሣኋት ቁራ ያለችበት ጌም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ጎድ ኦፍ ዋር ነው፤ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኖ ያገኘሁት ጌም ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ከጓደኛዬ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስገዛ ከማሽኑ ጋር የመጣልኝ ዲስክ እሱ ነበር። ክሬቶስ የሚባል አባት ከልጁ ከአትሬየስ ጋር የሟች ሚስቱን አመድ ይዞ ተራራ ሊወጣ ይጓዛል። በጀልባ ሐይቁን ሲያቋርጡ ሚሚር የተባለ አዋቂ የጥንቱን ታሪክ ይተርክላቸዋል። ጀልባዋ ዳር ከነካች ትረካው ይቋረጣል፣ ተመልሰው ሲሳፈሩ ካቆመበት ይቀጥላል። መንዝ አያቴ ቤት እሳት ዳር ተቀምጦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ላደገ ሰው ይህ እንዴት ያለ ስጦታ ነው!

እኔ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ አልሰማሁትም። ገና በሁለተኛው ቀን የትሮፊውን ዝርዝር ከፍቼ፣ ስልኬ ላይ ቁራዎቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አድርጌ፣ የቪዲዮው ድምፅ እንዲሰማኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቼ ነበር የምጫወተው። ሚሚር አፉን ሲከፍት እኔ ጀልባዋን ዳር አስጠግቼ ቁራ ፍለጋ እወርዳለሁ። አባትና ልጅ ሲጣሉና ሲታረቁ እኔ ዛፍ ዛፍ አያለሁ። ጌሙን ጨረስኩት ብል ውሸት ነው፤ ዝርዝሩን ነው የጨረስኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ጌም ውስጥ ደግሞ ዘጠኙን ቫልኪሪዎች ላሸነፈ የሚሰጥ ትሮፊ አለ። እነዚህ ታሪኩን ለመጨረስ የማያስፈልጉ፣ በየጥጉ ያሉ ተዋጊዎች ናቸው። ዝርዝሩ ባይነግረኝ ኖሮ ከሁለተኛዋ በኋላ እተዋቸው ነበር። የመጨረሻዋ ንግሥታቸው ሲግሩን ናት። ለሳምንታት ጣለችኝ። ክንፏን ስትዘረጋ ምን ልታደርግ እንደሆነ፣ መቼ መሸሽ መቼ መግጠም እንዳለብኝ፣ ጋሻዬ የማይመክተው የትኛው ምት እንደሆነ አንድ በአንድ ተማርኩ። አንድ ምሽት ልትወድቅ ትንሽ ሲቀራት መብራት ጠፋ፤ ጨለማው ውስጥ ጆይስቲኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ጣልኳት። ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ ስመላለስ እናቴ «ምን ሆንክ ልጄ?» ብላ ገባች። ያቺ ትሮፊ ዋጋ አላት እላለሁ፣ አፌን ሞልቼ። ቁራዎቹን መግደል ምንም አላስተማረኝም፤ 51ኛውን የገደልኩት ልክ እንደ መጀመሪያው ነው። ሲግሩን ጋ ግን የጀመረው ሰውና የጨረሰው ሰው አንድ አልነበረም።

ስለዚህ አንድን ትሮፊ ስመዝን የምጠይቀው ይህን ነው፦ እኔን የተሻልኩ ተጫዋች ያደርገኛል ወይስ ሰዓቴን ብቻ ይቆጥራል? መቶ ላባ ሰብስብ፣ አንድን ቁልፍ ሺህ ጊዜ ተጫን የሚሉት ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። ማይ ኔም ኢዝ ማዮ በሚባል ጌም ፕላቲነም ለማግኘት የማዮኔዝ ጠርሙስ 10,000 ጊዜ መጫን ነው የሚጠበቀው። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው ጨዋታ ሳይሆን ቁጥር እንደገዛ ያውቃል፤ ማንንም አልወቅስም፣ ግን ጨዋታ አልለውም።

አንድ የደብረ ሲና ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። «እዚህ አገር አዲስ ጌም በየወሩ የሚገዛ ማን ነው?» ይላል። ዲስኩ ውድ ነው፣ በኢንተርኔት ማውረድም ቀናት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ጌም ከ50 ጊጋባይት በላይ ነው። እሱ አንድ ዲስክ ካገኘ ዓመት ሊቆይበት ይገባል፣ የሚያቆየው ደግሞ ዝርዝሩ ነው። ታሪኩ ሲያልቅ ተመልሶ በማያውቃቸው ጥጎች ይዞራል፤ ያላየውን መንገድ፣ ያላነጋገረውን ሰው ያገኛል። ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ ላይ የማየው ደስታ እውነተኛ ነው። ልብ በሉልኝ ግን፣ እሱ ዝርዝሩን የሚከፍተው ታሪኩ ካለቀ በኋላ ነው። የእኔና የእሱ ልዩነት በትሮፊው ላይ አልነበረም፤ እኔ የጀመርኩት እሱ ከሚጨርስበት ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ እሱ ነው የማደርገው። የትሮፊ ማሳወቂያውን ከማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ አጥፍቼዋለሁ፤ ትሮፊው መመዝገቡን አይተውም፣ በጨዋታ መሀል አይጠራኝም እንጂ። የመጀመሪያውን ዙር ያለ ስልክ፣ ያለ ቪዲዮ፣ እየጠፋሁና እየተሳሳትኩ እጫወታለሁ። ሲያልቅ ዝርዝሩን እከፍትና ከውስጡ የሚያጓጓኝ ካለ እመለስበታለሁ፤ ከሌለ ዲስኩን አውጥቼ ለሌላ ሰው አውሰዋለሁ። በአንዳንዱ ጌም 60 በመቶ ላይ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ላይ ያልሞላው ቁጥር ያሳክከኝ ነበር፤ አሁን አያሳክከኝም።

የእህቴ ልጅ በገና እረፍት ተመልሶ መጣ። ያንኑ ጌም እንደ አዲስ ጀመርነው፤ ጆይስቲኩን በአብዛኛው የሚይዘው እሱ ነው። ጀልባዋ ሐይቁ መሀል ደርሳ ሚሚር ትረካውን ሲጀምር ባሕሩ ዳር አንዲት አረንጓዴ ቁራ ታየችኝና ጣቴን ቀሰርኩ። ልጁ አላያትም። ጋቢውን ወደ አገጩ ሳብ አደረገና «ቆይ ጋሼ፣ ይጨርስ» ብሎ ጀልባዋን እዚያው አቆማት።