ስፔሻል ምንድን ነው? በጓሮ የተሠራች የውድድር መኪና እና ፎቶዋ

አንድ የቆየ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አስቡ። ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠች ጠባብ መኪና። ፓራፋንጎ የላትም፣ መብራት የላትም። ቆብ የደፋ ወጣት ትከሻው ወደ ውጭ ተርፎ ተቀምጦባታል። ኮፈኗ ላይ የፋብሪካ ምልክት የለም፤ ከፎቶው ጀርባም ምንም አልተጻፈም። ምን መኪና ናት?

ብዙ ጊዜ መልሱ «ስፔሻል» ነው። እንግሊዞች በተለይ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ ከዚያም በኋላ ትንሽ፣ አንድ ሰው ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሞ ለራሱ የገጣጠማትን የውድድር መኪና እንዲህ ይሏት ነበር። የአንዱ ሻንሲ፣ የሌላው ሞተር፣ የሦስተኛው ካምቢዮ። መንትያ የላትም።

ቅጥቅጥ አይሱዙ ለተሳፈረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ከላይ ያለው ቦዲ እዚሁ የተቀጠቀጠ ነው፤ ከሥር ስታዩት ግን አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። የስፔሻል ፎቶም የሚነበበው እንደዚያ ነው፦ ከሥር። ሰዎች ግን መጀመሪያ የሚያፈጡት ቅርጿ ላይ ነው። ቅርጿ የሠሪው ፈጠራ ስለሆነ ስለ ዘሯ ብዙ አይነግራችሁም። በጓሮ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ይቻላል፤ አክስል መሥራት ግን ከባድ ነው። አክስሉ፣ ባሌስትራው፣ ቸርኬው ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ የሚያሳብቀውም እሱ ነው።

ለምሳሌ አክስሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ አንድ ባሌስትራ ከፊትም ከኋላም ካያችሁ፣ ፎቶውም አሜሪካዊ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፎርድ ሞዴል ቲን ጠርጥሩ። ከ1908 እስከ 1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከ15 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ አሮጌው በርካሽ ይገኝ ነበር። ከፊት የተጋደመ አንድ ባሌስትራ፣ ከኋላ ግን ወደ ኋላ የሚወጡ ሁለት አጫጭር ባሌስትራዎች ካሉ ኦስቲን 7 የተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ልትሆን ትችላለች። ኮሊን ቻፕማን፣ የሎተስ መኪና ፋብሪካ መሥራች፣ በ1948 የመጀመሪያ መኪናውን የሠራው ከአሮጌ ኦስቲን 7 ነው።

በጣም የምወዳት ግን የኩፐሮች ናት። በ1946 ሰርቢተን፣ እንግሊዝ፣ ቻርልስ ኩፐርና ልጁ ጆን የሁለት ፊያት ቶፖሊኖዎችን (ትንንሽ የጣሊያን መኪኖች) የፊት ክፍል ወስደው ጀርባ ለጀርባ አገጣጠሙ። የ500 ሲሲ ሞተር ሳይክል ሞተር ከሾፌሩ ጀርባ ተከሉ፤ ካቴናው ለኋላ ጎማ እንዲቀርብ። ስለዚህ የኋላው ባሌስትራ የፊቱ ግልባጭ ነው። ሞተሩ ከኋላ የሆነው አመቺ ስለሆነ ብቻ ነው እንግዲህ። በ1959 እና በ1960 ሾፌሩ ጃክ ብራብሃም ሞተሩ ከኋላ በሆነ ኩፐር የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ዘመኑስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራዲያተሩ የ1912 ስለሚመስል ፎቶውንም የ1912 ያደርገዋል። ስፔሻል ግን የአሮጌ ዕቃ ክምር ናት፤ የ1912 ራዲያተር በ1930 መኪና ላይ ቢገኝ ምን ይገርማል? መፈለግ ያለበት ከሁሉም አዲሱ ዕቃ ነው። መኪናዋ ከእሱ በፊት ልትሠራ አትችልም። የፊት ጎማ ፍሬን ጥሩ ምልክት ነው። እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው መኪና ፍሬኑ ከኋላ ብቻ ስለነበር፣ ከፊት ጎማው ጀርባ የፍሬን ታምቡር ከታየ ከዚያ በፊት ነው ማለት ይከብዳል። ታምቡር አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ሠሪው ያገኘው አሮጌ አክስል ሊሆን ይችላል።

ካሜራውም የራሱ ተንኮል አለው። የድሮ ፊልም ብዙው ቀይ ቀለም አያይም፤ ቀይ መኪና ጥቁር ሆና ትወጣለች፣ ሰማያዊዋ ደግሞ ትነጣለች። ስለ ቀለም ባትወራረዱ ይሻላል። ወደፊት ያዘነበለ ሞላላ ጎማ ካያችሁም ጎማው አልተጣመመም። የካሜራው መጋረጃ በቀጭን ክፍተት ፊልሙ ላይ ሲያልፍ መኪናዋ በመሀል ስለምትሮጥ ነው። የፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ ዝነኛ የግራንድ ፕሪ ፎቶ እንዲህ ነው። ካሜራውን ከመኪናዋ ጋር ስላዞረ ተመልካቾቹ በተቃራኒው አዘንብለዋል።

ስሙም ወጥመድ ነው። በአሜሪካው የኢንዲያናፖሊስ ውድድር «ስፔሻል» ብዙ ጊዜ የከፈለውን ሰው ስም ተከትሎ የሚመጣ ቅጥያ ነው። በ1923 አምስተኛ የወጣው ፎርድ «ባርበር ዋርኖክ ስፔሻል» የተባለው በከተማው የፎርድ ሻጭ ስም ነበር።

አንዲት መኪና ሁለት ስምና ሁለት መልክ ሊኖራትም ይችላል። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ሉዊ ዝቦሮውስኪ ሊበርቲ የተባለ 27 ሊትር የአውሮፕላን ሞተር ከቤንዝ ካምቢዮና ካቴና ጋር አጋብቶ «ሃያም ስፔሻል»ን ሠራ። በ1924 ሲሞት ሌላው ተወዳዳሪ ፓሪ ቶማስ ገዛት፣ ቆርቆሮዋን ቀየረ፣ «ባብስ» አላት። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ እህትማማች እንኳ አይመስሉም። በ1926 ዌልስ ውስጥ ባለው በፔንዳይን የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በመጋቢት 1927 እዚያው ተገልብጣ ቶማስን ገደለችው። ያው አሸዋ ውስጥ ቀበሯት፤ በ1969 ተቆፍራ ወጣች። ዛሬ ታድሳ ሞተሯ ይነሳል።