ሁለቱ «ዉ»ዎች፦ ስለ ታይቺ የትምህርት ሐረግ የሚነገሩ ስሕተቶች

ታይቺ የሚባለውን የቻይና የማርሻል አርት ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ አዳዲስ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ከላይ አንድ ባሕታዊ፣ ከሥሩ አምስት ቅርንጫፎች (ቸን፣ ያንግ፣ ሁለቱ «ዉ»ዎችና ሱን)፣ በመካከላቸውም ማን ከማን እንደ ተማረ ሳይጠየቅ የተሰመሩ መስመሮች። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ታይቺን የፈጠረው የዉዳንግ ተራራው ባሕታዊ ጃንግ ሳንፌንግ ነው።» የጃንግ ሳንፌንግ ስም ከታይቺ ጋር ተያይዞ የተነሣው ኖረበት ከሚባለው ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። በስምና በቦታ ልንከተለው የምንችለው ሐረግ የሚያደርሰን በሄናን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ወደ ቸንጂያጎው መንደርና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ነበረው ወታደር ወደ ቸን ዋንግቲንግ ነው።

«ሐረጉ የሚተላለፈው በደም ነው።» ከቸን ቻንግሺንግ ተምሮ የያንግን ቅርንጫፍ የጀመረው ያንግ ሉቻን (1799–1872) ከቸን ቤተሰብ አልተወለደም።

«ባለ 24 እንቅስቃሴው የታይቺ ልምምድ ጥንታዊ የያንግ ቤተሰብ ቅርስ ነው።» የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን በ1956 ከያንግ ስልት አሳጥሮ ያዘጋጀው ነው።

«ዉ የሚባለው ቅርንጫፍ አንድ ነው።» ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ዉ» ተብለው ይጻፋሉ፤ በቻይንኛ ግን የድምፃቸው ቅላጼም ጽሕፈታቸውም ይለያያል። የአንደኛው ትርጉም «ውጊያ» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአንድ ጥንታዊ መንግሥት ስም ነው፤ በአናቱም ላይ «አፍ» የሚል ትርጉም ያላት አራት ማዕዘን ምልክት ተቀምጣለች። ይህችን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ አንድም ቻይንኛ ቃል ሳያነብ ሁለቱን ቤተሰቦች መለየት ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ማለትም «ውጊያ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ባለቤት፣ ዉ ዩሺያንግ (1812–1880) በሄቤይ ክፍለ ሀገር የዮንግኒያን ሰው ነበር። ከአገሩ ልጅ ከያንግ ሉቻን ከተማረ በኋላ ወደ ሄናን ወርዶ በጃኦባኦ ከቸን ቺንግፒንግ ተምሯል፤ ትምህርቱንም ለእኅቱ ልጅ ለሊ ዪዩ አስተላለፈ፣ ሊ ዪዩ ለሃዎ ዌይጀን፣ ሃዎ ዌይጀንም የሱንን ስልት ለጀመረው ለሱን ሉታንግ (1860–1933)። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የተነሣው ቤጂንግ ውስጥ ነው፤ ማንቹው የጦር ሰው ቹዋንዮው (1834–1902) ከያንግ ሉቻንና ከልጁ ከያንግ ባንሆው ተምሮ ለገዛ ልጁ ለዉ ጂያንቹዋን (1870–1942) አወረሰው። እነዚህ ሁለት ሐረጎች የሚገናኙት ወደ ላይ፣ በያንግ ሉቻን ዘንድ ነው።

«ስም ነው፣ ምን ልዩነት ያመጣል?» የሚሉኝ አሉ። ልዩነቱ በሰውነት ላይ ይታያል። በዉ ዩሺያንግ ሐረግ አቋቋሙ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ከዚህ ሐረግ በተቀዳው በሱን ስልት ደግሞ አንዱ እግር ሲራመድ ሌላው ተከትሎ ይጠጋል። በዉ ጂያንቹዋን ሐረግ ግን ወደ ፊት በሚገፋበት ጊዜ ከኋላ ተረከዝ እስከ አናት አንድ ዘንበል ያለ መስመር ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት የሱንን ስልት ሲሠራ ደረቱን ወደ ፊት ጥሎ አየሁትና ምክንያቱን ጠየቅሁት። ሱን ሉታንግን ከቹዋንዮው ሥር ያደረገ ሠንጠረዥ አሳየኝና «የዉ ልጆች ያዘነብላሉ ተብሏል» አለኝ። የኋላው እግር ሲጠጋ ክብደቱ ሁሉ በፊተኛው ጉልበት ላይ ይወድቅበት ነበር። ወገቡን ለማቃናት ሦስት ወር ፈጀብን።

ስለዚህ ሠንጠረዥ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከቅርንጫፍ ስም ሳይሆን ከሰው ጀምሩ፤ ማን፣ ከማን፣ የት እንደ ተማረ ጻፉ። «ዉ» ስትሉ «የዮንግኒያኑ» ወይም «የቤጂንጉ» ብላችሁ ለዩ። መስመር ከማስመራችሁም በፊት ከሁለቱም ስሞች አጠገብ የልደትና የሞት ዓመት አስቀምጡ። አንድ እንግዳ የአስተማሪው አስተማሪ በቀጥታ ከያንግ ሉቻን የልጅ ልጅ ከያንግ ቸንግፉ እንደ ተማሩ በኩራት ነግሮኝ ነበር፤ የልደት ዓመታቸውን ስጠይቀው 1938 አለኝ። ያንግ ቸንግፉ ያረፈው በ1936 ነው።