ቁንጭርና ሌሎች የቆዳ ሕመሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቁንጭር የሌሊት ወፍ የሸናበት ሰው የሚይዘው ነው።» ደሴ ውስጥ ታካሚ ባየሁ ቁጥር ማለት ይቻላል ይህን እሰማለሁ፤ ዛሬም የሚሰማ መሆኑ ያሳዝነኛል። ቁንጭርን የሚያመጣው ሌሽማንያ የተባለ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሲሆን፣ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበርም ድምፅዋ የማይሰማ የአሸዋ ዝንብ ናት። ተውሳኩ በገደልና በዋሻ በሚኖሩ ሽኮኮዎች ውስጥ ይቆያል። «ቆላ ስላልወረድሁ አይዘኝም» የሚሉም ተሳስተዋል፤ በአገራችን ቁንጭር በዋናነት የደጋና የወይና ደጋ ሕመም ነው።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን የሌሊት ወፍ ነው ብሎ ያመነ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ሁሉን ሞክሮ ሲያበቃ ነው። ከኩታበር የመጣች አንዲት እናት በልጇ አፍንጫ ላይ የወጣውን፣ የማያምና የማያሳክክ እባጭ በሚያቃጥል ቅጠል ስታክም ከርማ ነበር። ልጁን ሳየው አፍንጫው አብጦ ያብረቀርቃል፣ ከቅርፊቱ ሥርም መግል ቋጥሯል። መግሉን ያመጣው ቃጠሎው ነው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ተውሳኩ እንዳለ ተገኘ።

«በራሱ ይሽራል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ ሆኖም ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ ጠባሳም ይተዋል፤ ወደ አፍንጫና ወደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ከዘለቀ ደግሞ አካል ያፈርሳል። ትንሹ ቁስል ሐኪም ዘንድ በኃይለኛ ቅዝቃዜ በማቀዝቀዝ ወይም በራሱ በቁስሉ ውስጥ በሚወጋ መድኃኒት ይታከማል፤ የበረታው በየቀኑ ለ28 ቀናት መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ሕክምናው ከደሴ አቅራቢያ በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሰጣልና፣ ፊቱ ላይ የወጣው እባጭ በወር ያልዳነለት ሰው ቅጠል መለጠፉን ትቶ ይመርመር።

ለምጽ፣ ማለትም ቆዳ ቀለሙን አጥቶ የሚነጣበት ሕመም፣ በመንካትም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ከሚኖሩ ሠራተኞች አንዱ ብቻ ቢታከም መልሶ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ያላሳከከውም ጭምር ሁሉም በአንድ ቀን ከአንገት እስከ እግር የእከክ መድኃኒት ይቀባ፣ ከሳምንት በኋላም ይድገም።

ጭርት ላይ ቤታሜታሶን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት መቀባት መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሣል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩም ተለውጦ ለሐኪም ያስቸግራል። መቀባት ያለበት ፈንገስ የሚገድል መድኃኒት ነው። የልጅ ራስ ላይ ሲሆን ቅባት የፀጉሩ ሥር ስለማይደርስ፣ ሐኪም የሚያዝለትን የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት።