እርግብ የሚመሳሰሉ ነገሮችን እንዴት ትለያለች? የልየታ ትምህርት ምንድን ነው?

ፒያሳ ጊዮርጊስ በኩል ስታልፉ እርግቦቹን ልብ በሏቸው። እህል የያዘ ሰው ሲመጣ ገና ሳይበትን ይከቡታል፤ ባዶ እጁን የሚያልፈውን ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሁለቱም ነጠላ የለበሰ ሰው ነው፣ ግን ለይተውታል።

እንስሳ የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን አይቶ ለአንዱ ምላሽ መስጠት፣ ሌላውን መተው ሲማር የሥነ ልቦና ሰዎች የልየታ ትምህርት ይሉታል። ላብራቶሪ ውስጥ አሠራሩ ቀላል ነው። እርግቧ አንዱን ብርሃን በመንቆሯ ስትመታ ጥሬ ታገኛለች፣ ሌላውን ስትመታ ምንም።

ዋናው ጨዋታ ያለው እዚያ «ምንም» ላይ ነው። ጥሬ የሚያስገኘውን ብቻ እያሳያችሁ ብታሰለጥኗት እሱን የሚመስለውን ሁሉ ትመታለች። ዓይኗ ደክሞ አይደለም፣ መለየት ምን ያደርግላታል?

እ.ኤ.አ. በ1959 ሃንሰን የተባለ ተመራማሪ የሠራው ሥራ ሁሌም ይገርመኛል። እርግቦቹን የሞገድ ርዝመቱ (ቀለሙን የሚወስነው ልኬት) 550 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ብርሃን ሲመቱ ጥሬ እየሰጠ፣ 555 የሆነውን ሲመቱ ግን እየነሳ አሰለጠናቸው፤ በቃ አምስት ናኖሜትር ልዩነት! ኋላ ብዙ ቀለም ሲያሳያቸው አብዝተው የመቱት 550ን መሰላችሁ? 540 አካባቢ ያለውን ነው፣ አንድም ቀን ጥሬ ያላገኙበትን። ጥሬ ከሚነሳቸው ቀለም በተቃራኒው አቅጣጫ ሸሹ። ለእኔ ይህ የሚለው እርግቧ የያዘችው አንድን ቀለም ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ጭምር መሆኑን ነው።

ልዩነቱ ከልክ በላይ ሲጠብ ምን ይሆናል? በሩሲያዊው ሳይንቲስት በፓቭሎቭ ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ውሻ ክብ ሲያይ ምግብ፣ ሞላላ ሲያይ ምንም እንደሌለ ተማረ። ሞላላውን ቀስ በቀስ ወደ ክብ አስጠጉት። የርዝመትና የወርዱ ንጽጽር 9 ለ 8 ሲደርስ ለሦስት ሳምንት ቢለፉም ነገሩ ባሰበት፤ ጨዋ የነበረው ውሻ ይጮህና ዕቃውን በጥርሱ ይዘነጥል ጀመር፣ ቀድሞ በቀላሉ የሚለየውንም አጣው።

ስለዚህ አነሳሱ ወሳኝ ነው። ቴራስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 እርግቦችን ቀይና አረንጓዴ ሲያስተምር የማያበላውን ብርሃን መጀመሪያ አደብዝዞ ለአፍታ ብቻ ብልጭ ያደርገው ነበር፣ ከዚያ ቀስ እያለ አደመቀው፣ አቆየው። ወፎቹ ስህተት ሳይሠሩ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ለዩ። እየሳቱ በተማሩት ላይ የሚታየው ክንፍ ማርገፍገፍም አልታየባቸውም።