ስለ ኳስና ዜና ተንታኞች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ካፌ ውስጥ የሚሰማ ቅሬታ አለ። "ተንታኙ ምን ያውቃል? ትናንት ያለው ሁሉ ፉርሽ ሆነ!" ይሄ ያሳዝነኛል። ከሰውዬው የምንጠብቀው ነገር ራሱ የእሱ ሥራ አይደለም።

"ጥሩ ተንታኝ ውጤቱን ቀድሞ ያውቃል"

አያውቅም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1995 ማንችስተር ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የቢቢሲው ተንታኝ አለን ሃንሰን "ዋንጫ በልጆች አይገኝም" የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ልጆቹ የዩናይትድ ወጣቶች፣ እነ ቤካምና ስኮልስ ነበሩ። በውድድር ዓመቱ መጨረሻ ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ።

ሃንሰን ግን እስከ 2014 እዚያው ወንበር ላይ ቆየ። ለምን? የሊቨርፑል ተከላካይ ነበር። እኛ ኳሷን ስንከተል እሱ ከኳሷ ውጭ ያለውን ያያል። ማን ሰው ለቀቀ? ተከላካዩ የት መቆም ነበረበት? ምስሉን እያስቆመ ያሳየን ነበር። ሙያው ይሄ ነው።

ፖለቲካ ላይም ያው ነው። ተመራማሪው ፊሊፕ ቴትሎክ 284 ባለሙያዎች ለ20 ዓመት ገደማ የሰጡትን ትንበያ ሰብስቦ መዘነ። ውጤቱን በ2005 አሳተመ። በሚዲያ በጣም የታወቁት ከሌሎቹ የባሰ ይሳሳቱ ነበር። ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሐሳብ የሚያስረዳ፣ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ለቴሌቪዥን ይመቻል። "ምናልባት" የሚለው አይመችም። እኔ ግን "እርግጠኛ አይደለሁም" የሚል ተንታኝ ስሰማ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።

"ኮሜንታተርና ተንታኝ አንድ ናቸው"

ኮሜንታተር ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ተንታኝ ለምን እንደሆነ። የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ የሰማ ሰው የኮሜንታተርን ሥራ ያውቀዋል። ሜዳውን በድምፁ ያሳይ ነበር።

"ኳስ ያልተጫወተ ስለ ኳስ ማውራት አይችልም"

ጣሊያናዊው አሰልጣኝ አሪጎ ሳኪ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆኖ አያውቅም። ጫማ ይሸጥ ነበር። በ1989 እና በ1990 ግን ኤሲ ሚላንን የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ። መጫወት የመልበሻ ክፍሉን ስሜትና የሜዳውን ጫና ያሳውቃል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጨዋታ ማንበብ ግን ሌላ ችሎታ ነው፤ በትዕግሥት ይለመዳል።

"ለዜና የተጋበዘ ባለሙያ ወገን የለውም"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በኢራቅ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ጡረታ የወጡ ጄኔራሎችን ለትንተና ይጋብዙ ነበር። በ2008 ኒውዮርክ ታይምስ ጉዳዩን አጋለጠ። ፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት) ብዙዎቹን እየጠራ የሚናገሩትን ነጥብ ይሰጣቸው ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ ከጦርነቱ ውል ከሚያገኙ ድርጅቶች ጋር ይሠሩ ነበር። ተመልካቹ ይህን አብዛኛውን ጊዜ አልተነገረውም። ዘገባው በቀጣዩ ዓመት ፑሊትዘር የተባለውን ታዋቂ የጋዜጠኝነት ሽልማት አገኘ።

ባለሙያ ሁሉ ተገዝቷል እያልኩ አይደለም። ግን ጋዜጠኛው እንግዳውን ሲያስተዋውቅ፣ ከማዕረጉ ቀጥሎ ማን ደመወዝ እንደሚከፍለውም ይንገረን።