የታመመች ኤሊን የሚጎዱ «መድኃኒቶች»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤሊ ሕመሟን ቶሎ አታሳውቅም። ምግብ ትተዋለች፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ባለቤቷም «ዛሬ ደበራት» ብሎ ያልፋል። ሕመሟ በግልጽ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት አልፈዋል። ያኔ ደግሞ ለሰው ወይም ለከብት የሚሆነው ሁሉ ይሞከርባታል፤ በሽታው ያልገደላትን ኤሊ የቤት ሕክምናው የሚገድልበት ጊዜ አለ። እዚህ የምንነጋገረው በግቢ ስለምትኖረው የየብስ ኤሊ እና በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላም ቦታ በብዙ ቤት በገንዳ ስለምትቀመጠው፣ በጆሮዋ ግድም ቀይ መስመር ስላላት የውሃ ኤሊ ነው።

«ቅርፊቷ እንደ ጥፍር ነው፤ ቢሰነጠቅ አያማትም፣ በሱፐር ግሉ ይጣበቃል»

ጥፍር መሰሉ ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ሕያው አጥንት ነው፤ ከጎድን አጥንቷና ከአከርካሪዋ ጋር አንድ ሆኗል፣ ደምና ነርቭም አለው። ስለዚህ ያማታል፣ ይደማል፣ ኢንፌክሽንም ይይዘዋል።

ማጣበቂያ የሚጎዳው ቁስሉን ከነቆሻሻው ስለሚዘጋው ነው። ላዩ የዳነ ይመስላል፣ ውስጡ ግን መግል ይይዛል፤ ሳንባዋ ደግሞ ልክ ከጀርባዋ አጥንት ሥር ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ውሻ የነከሳት ወይም መኪና የገጫት ኤሊ ስትገጥማችሁ እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ በንጹሕ ጎዝ ለ5 ደቂቃ ያህል ሳትለቁ ተጭናችሁ ደሙን አስቁሙ። ቀጥሎ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ያለፈ መሆኑን ተመልከቱ። ስትተነፍስ ከስንጥቁ አረፋ ከወጣ ወይም ሥጋ የሚመስል ነገር ከታየ ፈሳሽ አታፍስሱበት፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል። ቁስሉን በጨው ውሃ በራሰ ንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው (አፉ የተስተካከለ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል) በጥብጣችሁ እጠቡት። ከዚያ ፈዛዛ ሻይ እስኪመስል በውሃ የቀጠነ ቤታዲን አድርጉበት። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያድነውን ሥጋ ስለሚያቃጥሉ ይቅሩ።

የውሃ ኤሊ ብትሆንም ወደ ገንዳዋ አትመልሷት። ነጭ ፎጣ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ፣ ቤት ውስጥ አስቀምጧት። ነጭነቱ ደም ወይም ፈሳሽ ቢወጣ ቶሎ እንዲታይ ነው፤ ቤት ውስጥ መሆኗ ደግሞ ዝንብ እንዳያርፍባት ነው፤ በአንድ ቀን ትል ያፈራባታል። የተሰበሩትን ቁርጥራጮች አትጣሉ፣ ሐኪሙ መልሶ ሊያያይዛቸው ይችላል። አጥንቱ ለመግጠም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

«ለከብት የሚሰጠው የትል መድኃኒት በትንሹ ቢሰጣት አይጎዳትም»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው። በየገጠሩ ለበግ፣ ለፍየልና ለከብት የሚወጋው አይቨርመክቲን ለኤሊ መርዝ ነው። አንጎሏ ድረስ ስለሚገባ ጡንቻዋ ይዝላል፣ አንገቷ ይንጠለጠላል፣ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅታታል። በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች የምትገኘው ነጠብጣብ ያላት ኤሊ ደግሞ በተለይ አትችለውም። መጠኑን መቀነስ መፍትሔ አይሆንም፤ ለኤሊ ጭራሹኑ አይሰጥም። ትል አለባት ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የዕለቱን ሰገራ በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ለምርመራ ሂዱ። እዚያም «ኤሊ ናት» ብላችሁ ተናገሩ፤ የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ኤሊ አክሞ አያውቅም።

«ዓይኗ ያበጠው አቧራ ገብቶበት ነው፤ የዓይን ጠብታ ይበቃታል»

ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ከተከደኑ መጀመሪያ የምትበላውን አስቡ። ሰላጣ ወይም የደረቀ ሽሪምፕ ብቻ የምትመገብ የውሃ ኤሊ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያጋጥማታል፤ የዓይኗ ዕጢዎች ይደፈናሉ፣ ቆቡም ያብጣል። ማየት ስላልቻለች መብላት ታቆማለች፣ እጥረቱም ይብሳል። መፍትሔው የምግብ ለውጥ ነው፦ የተፈገፈገ ካሮት፣ የበሰለ ስኳር ድንች፣ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን። መርፌ በግምት አይሰጥም፤ የበዛ ቫይታሚን ኤ ቆዳዋን ይልጠዋል። ስቴሮይድ ያለበት የሰው የዓይን ጠብታም ኢንፌክሽን ያባብሳል።

«ከዓይኗ ኋላ ያበጠውን ማፍረጥ ነው»

አይፈርጥም። የኤሊ መግል እንደ ሰው አይቀጥንም፣ እንደ አይብ ይጠጥራል። ስትጨምቁት ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ብቻውን አያሟሟውም። ሐኪም አደንዝዞ፣ ቀድዶ፣ ጠርጎ ያወጣዋል።

«አፍንጫዋ ላይ አረፋ ያለው ጉንፋን ይዟት ነው፤ ያልፋል»

ኤሊ የእኛ ዓይነት የትንፋሽ ጡንቻ የላትም፤ ሳንባዋ የያዘውን አክታ በደንብ ስላ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ ከአፍንጫዋ አረፋ ሲወጣ፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ወይም የውሃ ኤሊ ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ስትዋኝ የሳንባ ምች ነው ብላችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

እስክትወስዷት ሙቀቷን አስተካክሉ። ደሟ የሚሞቀው በአካባቢዋ ነው፤ ስትበርድ የሰውነት መከላከያዋም ይደክማል፣ ሐኪሙ የሰጣት መድኃኒትም በቅጡ አይሠራም። ለውሃ ኤሊ ውሃው 27–28 ዲግሪ፣ የመሞቂያ ቦታው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። የታመመች የየብስ ኤሊ ማታም ከ25 ዲግሪ ባትወርድ ይመረጣል። በእጅ ዳስሳችሁ «ሞቅ ብሏል» አትበሉ፣ በቴርሞሜትር ለኩ። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከሣጥኗ በአንድ በኩል ብቻ አድርጉ፤ ሲበዛባት የምትሸሽበት ይኑራት።

«ቅርፊቷ ከለሰለሰ ወተት ትጠጣ»

ወተት አይፈጭላትም፣ ተቅማጥ ያመጣባታል። ካልሲየም ያስፈልጋታል፣ ግን ያለ ዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ ዓይን የማያየው ጨረር) ሰውነቷ አይቀበለውም። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወቱ ዩቪቢውን ያስቀረዋል። ይህን ጨረር የሚሰጠው የዩቪቢ አምፖልም ብርሃኑ እየታየ ኃይሉ ስለሚያልቅ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይቀየራል። ለግቢ ኤሊ የጠዋት ፀሐይና የምትሸሽበት ጥላ ከአምፖል ይሻላታል። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ቅርፊቷ ትንሽ ቢለሰልስ ግን በሽታ አይደለም።

«አትንቀሳቀስም፤ ወይ የክረምት እንቅልፍ ላይ ናት፣ ወይ ሞታለች»

የሀገራችን ነጠብጣብ ኤሊ የክረምት እንቅልፍ (በብርድ ወራት ለረጅም ጊዜ መተኛት) አታውቅም። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ውጭ ያደረች ኤሊ ድርቅ ብላ ብትገኝ በርዷት ነው። ወደ ቤት አስገብታችሁ በዝግታ አሙቋት፤ ምድጃ አጠገብ አታድርጓት። ከሞቀች በኋላ እስከ አገጯ ብቻ በሚደርስ ለብ ባለ ውሃ ለ20 ደቂቃ አስቀምጧት፣ ትጠጣለች። ሳትሞቅ ምግብ በግድ አታጉርሷት፤ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል።

ውሃ ውስጥ ሰጥማ የተገኘች ኤሊም ቶሎ አትቀበርም፤ ልቧ እጅግ ቀስ ብሎ እየመታ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በጀርባዋ አታስተኟት። ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጋችሁ አንገቷን በቀስታ ዘርጉ፣ ውሃው ከአፏ ይውጣ። ከዚያ በሆዷ አስተኝታችሁ የፊት እግሮቿን ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ሳቡ፣ ወደ ውስጥ መልሱ፤ ይህ አየር ወደ ሳንባዋ ያስገባል፣ ያስወጣልም። ብትነቃም በዚያው ቀን ሐኪም ይያት፤ ሳንባዋ ውስጥ የቀረው ውሃ በማግስቱ የሳንባ ምች ሊሆንባት ይችላል።